ባዳ ጆሮ

ስልኩ ሲጮህ ሽቦ የአንድ ምግብ ቤት ቴሌቪዥን ሆድ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ ነበር። የደወለችው የሟች ሚስቱ ታናሽ እህት ናት። ደህና አደርክ እንኳ ሳትለው፣ «አባባ የፍሪጁን ገመድ በፒንሳ ቆረጠው» አለችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገሩን ዘረዘረችለት። ሰሞኑን የሳሎኑን ረጅም አምፖል ነቅሎ ቤቱን በሻማ አስመሽቷል፤ ቴሌቪዥኑን ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅሎታል፤ ዛሬ ደግሞ ማንም ሳይነቃ ተነሥቶ ወደ ፍሪጁ ሄደ። ወተቱ ተበላሽቷል፣ ሥጋው ውሃ ሆኗል፣ እማማ ወለሉን እየወለወለች ቃል አልተነፈሰችም። «የጊታሬ አምፕሊፋየር ጥዝ ይልብኛል ነው የሚለው። ቀን ከሌት ጥዝ። ከቤቱ መብራት ነው የሚገባበት ይላል። ሁለት ሠሪ አምጥተን ሁለቱንም ሰድቦ አባረራቸው። እንደማትመጣ አውቃለሁ፣ ጋሼ። ግን ሌላ የምደውልለት የለኝም።»

ሽቦ የወጣለት ስም ነው። ቅጥነቱና ሥራው ተጋግዘው ሰፈሩ አወጣለት፤ ሚስቱ ሳትቀር «ሽቦዬ» ትለው ስለነበር እናቱ የሰጠችውን ስም የሚያስታውሰው ፈርም ሲባል ብቻ ነው። በሁለት ጫማ መሸጫዎች መሃል በተሰነቀረችው ሱቁ ውስጥ አንድ ደንበኛ ሲገባ ሌላው መውጣት አለበት። ግድግዳው ላይ ባለቤቶቻቸው ሳይመለሱላቸው የቀሩ ሬዲዮኖች እስከ ጣራው ተደርድረዋል። «ሥራ በዝቶብኛል» ሊላት ይችል ነበር፤ አፉም ለዚያ ተከፍቶ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። «አምፕሊፋየሩን ማንም እንዳይከፍተው። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ይገድላል። መጣሁ» አለ። የቴሌቪዥኑን ሆድ በጨርቅ ሸፍኖ፣ መበየጃውን፣ ቴስተሩን፣ ካቻቢቴዎቹንና ከአሮጌ ሬዲዮ እየነቀለ ያጠራቀማቸውን ዕቃዎች የያዘች የብስኩት ቆርቆሮ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ሱቁን ዘጋ።

አውቶቡሱ ውስጥ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አጠገቡ ያሉት ሴትዮ የእንቁላል ዋጋ ሰማይ መንካቱን ለሚያውቁትም ለማያውቁትም ያወራሉ። «ዶሮዋ ዋጋዋን ብትሰማ ኖሮ መጣሉን ትታ ጡረታ ትወጣ ነበር» ሲሉ ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ ሳቀ፤ ሽቦም በወጉ ፈገግ አለ። ልቡ ግን በሩ ላይ ምን እንደሚል ሲያሰላ ነበር። ሚስቱን ከቀበሩ ወዲህ ወደዚያ ቤት የሄደው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ልብሶቿን ሊያደርስ። ያን ዕለት ሽማግሌው አባቷ ከክፍላቸው አልወጡም። ጊታራቸውን ሲነካኩ በግድግዳው በኩል ይሰማ ነበር፤ እሱ ሳሎን ተቀምጦ ሻዩን እስኪጨርስ አላቆሙም፣ ለሰላምታም ብቅ አላሉም። ሰው ፊት ነሳኝ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ገባው። ከዚያ በኋላ እሱም አልሄደም፣ ና ያለውም የለም።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው የአንዱን ቤት ሽንኩርትና የሌላውን ቤት ሳሙና ቀላቅሎ ይሸታል። በሩን የከፈቱለት የሚስቱ እናት ናቸው። እጃቸው እስከ ክርናቸው እርጥብ ነው። ከላይ እስከ ታች አዩትና «ከሳህ» አሉት። «ከምኑ ላይ፣ እማማ?» አላቸው። ፈገግ ማለት ጀምረው መሃል ላይ ተዉት። ሳሎኑ ዕቃ ሊጭኑበት መኪና የሚጠብቅ ቤት መስሏል፤ ቴሌቪዥኑ የነበረበት ጠረጴዛ ላይ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቦታ ይታያል፣ ከጣራው ሁለት ባዶ ሽቦ ተንጠልጥሏል፣ የግድግዳው ሰዓት ሳይቀር ባትሪው ወጥቶ ቆሟል። ታናሽየዋ ለሥራ ለብሳ ሳትሄድ ቀርታለች፤ ጫማዋን እንዳደረገች የሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ሽቦ ከፍሪጁ ጀመረ። ገመዱ የተቆረጠው በሰከነ እጅ ነው፤ ምንም መንተፋተፍ የለበትም። ሌላ ገመድ ቀጥሎለት መጋጠሚያውን በፕላስተር ጠቀለለው። ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ሲነሣ ታናሽየዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ውስጠኛው ክፍል አየች። ከዚያ በኩል ምንም አልመጣም። «ተመስገን፣ ዛሬስ ዝም አለ» አለች።

የሽማግሌው ክፍል ድሮ የሁለቱ እህትማማቾች መኝታ ነበር። አሁን አንድ አልጋ፣ ሁለት ጊታር፣ ያለ መደገፊያ የቀረ ወንበር፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ አምፕሊፋየሩ አለበት። ከሽቦ ሟች ሚስት ዕድሜ የሚበልጥ ከባድ የእንጨት ሳጥን ነው። የፊቱ ጨርቅ እንደ አሮጌ ጆንያ ሳስቷል፣ እጀታው ተበጥሶ በሱሪ ቀበቶ ተተክቷል። ከኋላው ሲያዩት ቫልቮቹ ይታያሉ፤ የዛሬ ዕቃ የማያውቃቸው እነዚያ የመስታወት አምፖሎች፣ ሲሞቁ ሆዳቸው እንደ ፍም የሚቀላ። ሽማግሌው ያን ሳጥን ይዘው ባልተጫወቱበት የጭፈራ ቤት የለም፤ በእሱ ልጆች አሳድገዋል፣ በእሱ ይህን ቤት ገዝተዋል። ሽቦ ሲገባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጸጉራቸው ጥጥ መስሏል፤ ትከሻቸው ወደ ውስጥ ገብቷል።

«መጣህ» አሉት።

«መጣሁ፣ አባባ።»

«ማን ጠራህ?»

«ፍሪጁ።»

ሽማግሌው ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ ሽቦ አልለየውም። ከዚያ ሌላ ነገር ሳይነሣ ወደ ሥራው ተገባ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ወንዶች ዕቃ መኖሩ ይጠቅማቸዋል። ሽቦ ሐኪም በሽተኛውን እንደሚጠይቅ ጠየቃቸው፤ ጥዝታው ጊታር ሲሰካ ነው ወይስ ሳይሰካም? ሲሞቅ ነው ወይስ እንደተከፈተ? ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን? ሽማግሌው ለመጨረሻው ጥያቄ በቃል አልመለሱም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን በጉሮሯቸው አወጡለት። እንደ ክር የቀጠነ፣ ከፍ ያለ ድምፅ ነበር። ሽቦ አምፕሊፋየሩን ሲከፍተው በእርግጥም ጥዝ አለ፤ ግን የሚሰማው ወፍራም ነው፣ ከሆድ የሚወጣ፣ ወለሉን ሳይቀር በጫማ ሥር የሚያነዝር። የሽማግሌው ጉሮሮ ወደ ታች መውረድ አቅቶት ይሆናል ብሎ አለፈው።

ጥዝታን መፈለግ ሌባን ከሰፈር እንደመፈለግ ነው፤ በር በር እየዘጉ ነው የሚሄዱት። ሽቦ ጊታሩን ነቀለ፤ ጥዝታው አለ። የድምፁን ቁልፍ እስከ ዜሮ መለሰ፤ ጥዝታው አልተነቃነቀም። የመጀመሪያውን ቫልቭ በጨርቅ ይዞ ነቀለ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፤ ያው ነው። እንግዲህ ሌባው ደጅ ሳይሆን ጓዳ ነው ማለት ነው፤ ኤሌክትሪኩ ከግድግዳ ገብቶ በሚጣራበት ቦታ። ሳጥኑን አዙሮ ሆዱን ከፈተ፤ ውስጡ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ በጥንቃቄ አፍስሶ በቴስተር አረጋገጠና አጎነበሰ። ሽማግሌው ሳይጠየቁ ተነሥተው የእጅ ባትሪ አበሩለት። ኤሌክትሪኩን እንደ በርሜል ተቀብለው በእኩል የሚያፈሱት ኮንደንሰሮች ከሥራቸው ጨው የመሰለ ነገር አውጥተዋል፤ ደርቀዋል። «አረጁ» አለ ሽቦ። «ማን ያላረጀ አለ» አሉ ሽማግሌው። ከብስኩት ቆርቆሮው የሚሆኑትን መርጦ መበየድ ጀመረ። ሽማግሌው ባትሪውን እንደያዙ ስለ ተማሪዎቻቸው አወሩለት። ሁሉንም አባረዋቸዋል። «ጥዝታውን ትሰማለህ እላለሁ፣ አልሰማም ይለኛል። አንዱም እንዲሁ፣ ሌላዋም እንዲሁ። ጆሮ የሌለውን ሰው ጊታር አስተምሬ ምን ላደርገው ነው?» ሽቦ ሲስቅ መበየጃው ተንቀጠቀጠ። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ጭንቅላታቸው እንዲህ ተጠጋግቶ አያውቅም፤ የሽማግሌው ትንፋሽ ጆሮው ላይ ያርፍ ነበር።

ጨርሶ ሲከፍተው ቫልቮቹ ቀስ ብለው ቀሉ። ጥዝታው ጠፍቷል። ሽቦ ጆሮውን ስፒከሩ ጨርቅ ላይ ለጠፈ፤ የተኛ ሕፃን የሚተነፍሳትን የምታህል ሹክሹክታ አለች፣ ሌላ ምንም የለም። እንዲህ ያለ ዝምታ ከእንዲህ ያለ አሮጌ ዕቃ ማውጣት በየቀኑ የሚገኝ ነገር አይደለም። ቀና ብሎ አያቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁንም አለ» አሉ።

ሽቦ ራሱን ተጠራጠረ፤ ጥሩ ሠሪ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። የመሬት ሽቦ ከቧንቧው ጋር አገናኘ። ቫልቮቹን ቦታ አለዋወጠ። የቀጠለውን ፍሪጅ መልሶ ነቀለ፣ ቆጣሪው ጋ ሄዶ የሌሎቹን ክፍሎች መስመር ዘጋ፣ በመጨረሻም ሳጥኑን አቅፎ ሳሎን አወጣው። በየመሃሉ «አሁንስ?» ይላል፤ በየመሃሉ «አለ» ይሉታል፣ ሳይቆጡ፣ እንዲያውም እያዘኑለት። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ታናሽየዋን ጠርቶ አስደመጣት፤ ጎንበስ ብላ ቆየችና ዓይኑን ሳታየው «እኔ እንኳ ምንም አይሰማኝ» ብላ ወደ ኩሽና ተመለሰች። ምሳ ሰዓት ደረሰ። አራቱም በዳቦ ሾርባ በሉ። እማማ ዳቦው ዋጋው ሲያድግ ራሱ ማነሱን አነሡ፤ ታናሽየዋ እንግዲህ በማጉያ መነጽር ነው የምንበላው አለች፤ ከዚያ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሽቦ አንድ ነገር ያስተዋለው ያን ጊዜ ነው። እማማ ባላቸውን ከማናገራቸው በፊት ክንዳቸውን ይነካሉ። ታናሽየዋ ጨው አቀብለኝ ለማለት ጠረጴዛውን በጣቷ ትመታለች። በሩ ተንኳኩቶ ጎረቤት ጋዜጣ ሲመልስ፣ ሦስቱ ቀና ሲሉ ሽማግሌው ሾርባቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ነበሩ።

ከምሳ በኋላ ሳጥኑን ወደ ክፍሉ መለሰው። ሽማግሌው ጊታሩን ታቅፈው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ማዳመጥ ልማዳቸው ነው። ሽቦ ከኋላቸው ቆሞ ማብሪያውን ሳይነካ ስፒናውን ከግድግዳው ነቀለ። የቫልቮቹ ቅላት እየደበዘዘ እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋ። ክፍሉ ውስጥ የመንገዱ መኪና ከሩቅ ይሰማል፤ ከላይ ቤት ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ሽቦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀ።

«አሁንስ፣ አባባ?»

«ያው ነው። እንዲያውም ብሷል።»

ስፒናውን እንደያዘ ቆመ። ያ ቀጭን ክር የመሰለ ድምፅ፣ በጉሮሯቸው ያወጡለት፣ ከራሳቸው ጆሮ እንደሚመጣ አሁን ነው የገባው። በሩ ላይ ታናሽየዋ ቆማለች፤ ስፒናውንም የአባቷን ጀርባም አይታለች። በጣቷ ጠራችው።

ኩሽና ውስጥ በሹክሹክታ ተነጋገሩ። ታውቁ ነበር ወይ አላቸው። ታናሽየዋ፣ «ምን እንበለው ታዲያ? ስልክ አይሰማም፣ በር አይሰማም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው አምፕሊፋየሩን ውሰጂው ይለኛል» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። እማማ ሰሃን እያጠቡ ነበር፤ ፊታቸውን አላዞሩም። «ጆሮው ሄደ ማለት ለእሱ ሞት ነው» አሉ። «ዕቃው አርጅቷል፣ መለዋወጫ ጠፍቷል በለውና ይዘኸው ሂድ። ሱቅህ ይቀመጥ። ዛሬ ነገ እያልን እናቆየዋለን። ቀስ እያለ ይተወዋል።» ከዚያ ጨመሩበት። «አንተ ደግሞ ነገር በሆድህ መያዝ ታውቅበታለህ።»

እማማ ይህን ያሉት ለሙገሳ ነው። ሽቦን ግን ያ ቃል ወደ ኋላ መለሰው። ሚስቱ ሆስፒታል የገባች ጊዜ ሽማግሌው ከድሮ ጓደኞቻቸው ጋር ሌላ ከተማ ሊጫወቱ ሄደው ነበር። ሲደውሉ፣ ትንሽ ድካም ነው፣ ምርመራ ላይ ናት፣ አሁን ተኝታለች ይላቸዋል፤ እየሳቀ ነው የሚላቸው። ሲመለሱ ልጃቸው መናገር ካቃታት ቆይቶ ነበር። እጇን ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ያለ አንዲት ቃል ሄደችባቸው። ቀብሩ ላይ ወደ ሽቦ ተጠግተው፣ «በልጄ ሞት ላይ እንግዳ አደረግኸኝ» አሉት። ጮክ ብለው አልነበረም፤ የሰማው ግን ሁሉም ነው። ሽቦ መልስ ነበረው። አትንገራቸው ያለችው እሷ ናት፤ እጁን ይዛ አስምላዋለች። ግን መቃብር አፋፍ ላይ ቆሞ አባትን «ልጅዎ ናት ያልፈለገችዎት» ማለት እንዴት ይቻላል? ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው። እማማ ያን ጊዜ ከባላቸው ጎን ቆመው ነበር። ያውቁ ነበር። ልጃቸውን እያጠቡ እያበሉ ከአልጋዋ ያልተለዩት እሳቸው ናቸው፤ የባላቸው ስልክ ሲጠራም አንሥተው ለሽቦ የሚያቀብሉት እሳቸው ነበሩ። ያን ቀን ግን መሬት መሬት እያዩ ዝም አሉ። ከዚያም ወዲያ ከዚያ ሰው ጋር አንድ አልጋ ላይ እያደሩ እንደዚያው ዝም እንዳሉ ናቸው።

«አይሆንም፣ እማማ» አለ ሽቦ። ሰሃኑ እጃቸው ላይ ቆመ። ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ያለ መደገፊያ የቀረችውን ወንበር ስቦ ሽማግሌው ፊት ተቀመጠ። ስፒናውን መዳፋቸው ላይ አኖረው። ዓይናቸውን ገለጡ። ስፒናውን አዩ፣ ገመዱን በዓይናቸው ተከትለው እስከ ሳጥኑ ሄዱ፣ የጠቆሩትን ቫልቮች አዩ። እጃቸውን ዘርግተው አንዱን ነኩት፤ ቀዝቅዟል። ሽቦ በሕይወቱ ብዙ ሰው ፊት «ይህ አይሠራም» ብሏል፤ የዚህን ያህል ግን ከብዶት አያውቅም።

«መቼ ነቀልከው?»

«ቅድም። ብሷል ሲሉኝ።»

«አንተ ምንም አትሰማም?»

«የመኪና ድምፅ እሰማለሁ። ላይ ቤት ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ጥዝታ ግን የለም፣ አባባ። ከዕቃው የነበረው ጠዋት ጠፍቷል።»

«ላይ ቤት» አሉ ሽማግሌው፤ ወደ ጣራው ቀና ብለው ቆዩ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ለሐሜት መስሎኝ ነበር።» ጊታሩን ከጭናቸው አንሥተው አልጋው ላይ አጋደሙት፣ በጥንቃቄ፣ እንደሚተኛ ሰው። ከዚያ፣ «እነሱ ያውቃሉ?» አሉ።

«ያውቃሉ።»

«አትንገረው አሉህ።»

«አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን ነገርከኝ?»

ሽቦ እጆቹን አየ። «አንዴ ደብቄዎታለሁ» አለ።

ሽማግሌው ፊታቸው አልተለወጠም፤ ስፒናውን ግን ጨብጠው ያዙት። ሲጠይቁ ድምፃቸው እንደ ልጅ ሳስቶ ነበር። «ያን ጊዜስ ማን ነበር አትንገረው ያለህ? ወይስ ከራስህ ነው?» እስከዛሬ አልጠየቁትም ነበር። የማይጠይቁት ስለጠሉት ይመስለው ነበር፤ ፈርተው እንደሆነ አሁን ፊታቸውን ሲያይ ገባው።

«እሷ ናት።»

«ምን አለችህ?»

ሽቦ ነገራቸው። እነዚያን ቃላት ለማንም ተናግሯቸው አያውቅም፤ እሷ በሰጠችው ድምፅ ነበር ይዞ ያቆያቸው፣ ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ፣ ትራሷ ላይ ጎንበስ ብሎ የሰማቸው። አሁንም እንደዚያው አድርጎ ነገራቸው። ሽማግሌው መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ። «አልሰማሁም» አሉ። ወደ ቀኝ ጆሯቸው ተጠግቶ ደገመው። «አልሰማሁም፣ ጮክ በል።» ሽቦ በሩን አየ። በሩ ክፍት ነው፣ ከኩሽናው የሰሃን ድምፅ ይመጣል። ድምፁን ከፍ አደረገ፤ በቂ አልነበረም። በመጨረሻ በገበያ መሃል ሰው እንደሚጣራ ጮኸ።

«አባባ ፊት መድከም አልችልም አለች። እሱ ካየኝ መጠንከር አለብኝ፣ መጠንከር ደግሞ አቃተኝ። አንተ ፊት ግን መድከም እችላለሁ። ተወኝ፣ በሰላም ልድከም አለች።»

የሰሃኑ ድምፅ ቆመ። ሚስጥር ሲጮህ እንዲህ እንደሚያስነውር ሽቦ አያውቅም ነበር። «በሰላም ልድከም» ብለው ሽማግሌው ደገሙት፣ እንደሚያጠኑት። ቆይተው፣ «ደከመች?» አሉ።

«ደከመች፣ አባባ። አርፋ ነው የደከመችው።»

«ስለ እኔ ሌላ ነገር አላለችም?»

«ሁሌ የሚያበላሹትን ቦታ እያዜመች ትስቅ ነበር። ያንን፣ መሃል ላይ አንድ ክር የሚዘሉትን።»

«ስህተት አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «እንደዚያ ነው የሚጫወተው።» እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። ሽቦም የራሱን አልጠረገም። ከዚያ ሽማግሌው የያዙትን ስፒና መሬት ላይ አስቀምጠው ጉልበቱን ያዙት፣ እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ሊነሡበት የፈለጉ ይመስል፤ ግን አልተነሡም።

እማማ በሩ ላይ ነበሩ። መቼ እንደመጡ ማንም አላየም። እጃቸው በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ነው፤ ከኋላቸው ታናሽየዋ ቆማለች። «እኔም አውቅ ነበር» አሉ እማማ፣ በዚያ ሁልጊዜ በሚናገሩበት ዝግ ባለ ድምፅ። ሽቦ ሰማ። ሽማግሌው ግን ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ አዩ። ወደ ሽቦ ዞረው፣ «ምን አለች?» አሉት።

ሽቦ ሁለቱን አያቸው። መናገሩ ቀላል ነበር፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለዓመታት የተሸከመውን ከትከሻው ያወርድ ነበር። «ይህን እሳቸው ይንገሩዎት» አለና ተነሥቶ ወንበሩን ለእማማ ለቀቀላቸው፤ ወደ ሽማግሌው ቀኝ ጆሮ አጠጋላቸው። እማማ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ ከብዷቸው፣ ቁጭ አሉ። እንደልማዳቸው መጀመሪያ የባላቸውን ክንድ ነኩ።

«እኔም አውቅ ነበር» አሉ፣ አሁን ከፍ አድርገው።

ሽማግሌው ሚስታቸውን አዩ፤ ከዚያ ሽቦን፤ ከዚያ ተመልሰው ሚስታቸውን። «አብረሽኝ ነበርሽ» አሉ። «ቀብሩ ላይ አጠገቤ ነበርሽ። ይህን ልጅ በቤቴ ፊት ስነሳው አጠገቤ ነበርሽ።»

«ነበርኩ። ፈራሁህ። ዝም አልኩ።»

«አልሰማሁም» አሉ ሽማግሌው።

እማማ ወደ ጆሯቸው ተጠጉ። በዚያ ቤት ሁለት ልጅ ወልደው ሲያሳድጉ፣ ተናደው እንኳ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚያውቁ ሴት አይደሉም፤ የአንገታቸው ሥር ተገታተረ። «ዝም አልኩ» ብለው ጮኹ። ላይ ቤት የሚጎተተው ወንበር ቆመ። ታናሽየዋ ፊቷን ወደ ኮሪደሩ አዞረች። ሽማግሌው ሰምተዋል፤ ሽቦ ፊታቸው ላይ አይቶታል፣ መስማታቸው እንደ ውሃ ሲገባባቸው። ግን መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አላወረዱም፣ ዓይናቸውንም ከሚስታቸው ላይ አላነሡም።

«አልሰማሁም» አሉ እንደገና።

እማማም ደገሙላቸው።